ጥላው የማን ነው?

የአየር ትንበያ አንድ የቆየ ልማድ አለው። ለአንድ ከተማ አንድ ቁጥር ይሰጣል። «ከፍተኛው የሙቀት መጠን 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ይውላል» ይልና ወደሚቀጥለው ከተማ ይሻገራል። እኛም ቁጥሩን ሰምተን ጃኬት እንይዛለን ወይም ጥለን እንወጣለን። «35 የየትኛው ሰፈር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ጥያቄው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ያ ቁጥር በብዙ ከተሞች የሚነበበው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ከተተከለ መሣሪያ ነው። ሰው ግን የሚኖረው ሜዳው ላይ አይደለም። ቆርቆሮ ሥር፣ አስፋልት ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ዕድለኛ ከሆነ ደግሞ ዛፍ ባለበት ግቢ።

በጁላይ 2017 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ሪችመንድ ከተማ ነዋሪዎች የሙቀት መለኪያ መኪናቸው ላይ ሰክተው ከተማቸውን ዞሩ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንዲት ከተማ ውስጥ በጣም በሞቀውና በጣም በቀዘቀዘው ቦታ መካከል 16 ዲግሪ ፋራናይት ልዩነት አገኙ። ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ጥቂት የአውቶቡስ ፌርማታ ተጉዞ አገር የመለወጥ ያህል ማለት ነው።

ፀሐይዋ አንድ ናት። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱን ፍለጋ ስንሄድ የምንደርሰው ሰማይ ዘንድ አይደለም፤ መዝገብ ቤት ነው። የከተማ ሙቀት ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ታሪክ አለው። ታሪኩ በሰፈር ደረጃ ሊነበብ የቻለው ደግሞ ተራ ሰዎች ቴርሞሜትር ይዘው ሲወጡ ነው።

የለንደኑ ኬሚስት

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ሉክ ሃዋርድ በ1772 የተወለደ የለንደን ሰው ነው። መተዳደሪያው መድኃኒትና ኬሚካል ማምረት ነበር። ልቡ ግን ሰማይ ላይ ነበረች። ዛሬ በትምህርት ቤት «ኪዩሙለስ፣ ስትራተስ፣ ሲረስ» እያልን የምንሸመድዳቸውን የደመና ስሞች በ1802 ያወጣው እሱ ነው።

ሃዋርድ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚኖርበት አካባቢ የአየሩን ሙቀት በየቀኑ ይመዘግብ ነበር። ከዚያ የራሱን መዝገብ መሐል ለንደን ከሚወሰደው የሮያል ሶሳይቲ መዝገብ ጎን አስቀመጠው። ከ1818 ጀምሮ በየክፍሉ ባሳተመውና በ1833 አስፋፍቶ ባወጣው «የለንደን የአየር ጠባይ» በተባለው ሥራው የደረሰበት ነገር ይህ ነበር፦ ሌሊት ሌሊት ከተማው ከገጠሩ በአማካይ በ3.7 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። ቀን ግን እንዲያውም በጥቂቱ ይቀዘቅዛል።

ምክንያቱንም ለመፈለግ ሞከረ። የምድጃው እሳት፣ የሕዝቡ ብዛት፣ ሙቀት ይዘው የሚያድሩት ግንቦች፣ ነፋስ የማያሳልፉት ሕንፃዎች፣ ውኃ የሚያተን እርጥብ መሬት ማነስ። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ከተቃረበው ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ዛሬም የሚጣል ብዙ የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሃዋርድ የመንግሥት ሜትሮሎጂስት አልነበረም። ማንም አልቀጠረውም፣ ደመወዝም አልከፈለውም። ሥራውን ሲጨርስ ቴርሞሜትሩን የሚያነብ ሰው ነበር። በዛሬ ቋንቋ በጎ ፈቃደኛ እንለዋለን። የከተማ ሙቀት ጥናት የተጀመረው በበጎ ፈቃደኛ ነው።

ዛፍ ያልበዋል፣ አስፋልት ግን አያልበውም

ሳይንሱ አስቸጋሪ አይደለም። አስፋልት፣ ድንጋይና ኮንክሪት ቀኑን ሙሉ የፀሐይን ሙቀት ይጠጣሉ። ማታ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ሊያርፍ ሲል፣ የጠጡትን ቀስ እያሉ ይተፋሉ። ተቀራርበው የቆሙ ፎቆች ደግሞ ያ ሙቀት ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ ያፍኑታል። መኪናው፣ ፋብሪካው፣ ቤት ውስጥ አቀዝቅዞ ሙቀቱን ወደ መንገድ የሚያወጣው ኤሲ የየራሳቸውን ይጨምራሉ።

ዛፍ ሌላ ነው። ጥላ መስጠቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከሥሩ የሳበውን ውኃ በቅጠሉ ያተናል። ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሰውን ገላ ላቡ እንደሚያቀዘቅዘው ማለት ነው። ዛፍ ያልበዋል ብንል ብዙም አልተሳሳትንም። አስፋልት ግን አያልበውም።

አደገኛው ሰዓት ቀትር ብቻ አለመሆኑም ከዚሁ ይመጣል። የሰው ገላ ቀን የደረሰበትን ሙቀት ሌሊት አርፎ ነው የሚቋቋመው። ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ ልብና ኩላሊት እረፍት አያገኙም። ሁለት ሦስት ሌሊት በተከታታይ እንዲህ ሲሆን አዛውንቶችና ሕመምተኞች መሞት ይጀምራሉ።

ከሃዋርድ በኋላ ሳይንቲስቶች መለኪያውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። በ1927 ቪየና ውስጥ ዊልሄልም ሽሚት የተባለ ሜትሮሎጂስት ቴርሞሜትር መኪና ላይ አስሮ በከተማው መንገዶች ነዳ። የለካውን ካርታ ላይ ሲያሰፍር ከተማው ከዙሪያው ተለይቶ ብቻውን ሞቆ ታየ። እንዲህ ያሉ ካርታዎች ሲበዙ «የሙቀት ደሴት» የሚለው ስያሜም የተለመደ ሆነ። በ1972 ደግሞ ራኦ የተባለ ተመራማሪ ከሳተላይት የተወሰደ መረጃ ተጠቅሞ የከተሞችን ሙቀት ከጠፈር አሳየ።

ከዚያ በኋላ መኪናው ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። ያስፈልጋል። ሳተላይት በዋናነት የሚለካው የጣሪያውንና የአስፋልቱን ገጽ ሙቀት ነው። ቆርቆሮ በቀትር እንቁላል ሊጠብስ ይችል ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ሰው የሚተነፍሰው አየር ግን ሌላ ቁጥር አለው። ሳተላይቱ ደግሞ የሚያልፈው በራሱ ሰዓት ነው እንጂ አያትዎ እንቅልፍ በሚያጡበት ሰዓት አይደለም። የሰውን ሙቀት ለመለካት ሰው በሚሄድበት መንገድ፣ ሰው በሚሆን ከፍታ ላይ መሄድ ግድ ነው።

ቺካጎ፣ ጁላይ 1995

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የምሁራን ጉዳይ ይመስላል። ጉዳዩን ወደ ሬሳ ቤት ያመጣችው ቺካጎ ናት።

በጁላይ 13 ቀን 1995 በቺካጎ ሚድዌይ አውሮፕላን ማረፊያ 106 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዘገበ። እርጥበቱ ሲጨመርበት ገላ የሚሰማው ከዚያ እጅግ የባሰ ነበር። ሌሊቱም አልቀዘቀዘም። በጥቂት ቀናት ውስጥ በመደበኛው ጊዜ ይሞታሉ ተብሎ ከሚጠበቀው በላይ 739 ሰዎች ሞቱ። አስከሬን ማቆያው ሞልቶ ማቀዝቀዣ ያላቸው የጭነት መኪናዎች በሩ ላይ ተደርድረው ነበር። የከተማው ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ግን ሁሉም በሙቀት ነው የሞቱት ወይ ብለው የአስከሬን መርማሪውን ቁጥር ተጠራጠሩ። መርማሪው በቁጥራቸው ጸኑ። ኋላ የመጡ ጥናቶችም ቁጥሩ የተጋነነ ሳይሆን ያነሰ መሆኑን አረጋገጡ።

ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ ሶሲዮሎጂስት ሟቾቹን በየሰፈራቸው ተከትሎ በ2002 መጽሐፍ አወጣ። ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ኖርዝ ላውንዴልና ሳውዝ ላውንዴል የሚባሉ ጎረቤት ሰፈሮች አሉ። ሁለቱም ድሆች ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንም በሁለቱም አሉ። በአንደኛው ከ100,000 ሰው 40 ሲሞት በሌላው ግን ወደ 4 ብቻ ሞተ። ልዩነቱ ጎዳናው ነበር። ሳውዝ ላውንዴል ሱቅ የሞላበት፣ ሰው የሚተራመስበት፣ አንድ አዛውንት ከቤት ወጥተው የሚቀመጡበት ቦታ የማያጡበት ሰፈር ነበር። ኖርዝ ላውንዴል ፋብሪካዎቹ ተዘግተው፣ ነዋሪው ለቆ፣ ባዶ መሬት የበዛበት፣ አዛውንቶች ወንጀል ፈርተው በር ዘግተው የሚውሉበት ነበር።

እኛ እድር ባለበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ብዙ ማስረዳት አይፈልግም። ሙቀት የሚገድለው በዲግሪው ብቻ አይደለም። በር የሚያንኳኳ ሰው በሌለበት ቤት ነው የበለጠ የሚገድለው። ስለዚህ ቁጥር ብቻ የያዘ ካርታ ጎዶሎ ነው። በሩን የሚያውቀው ሰው ከካርታው ሥራ ጋር መገናኘት አለበት።

ቀዩ ቀለም

አሁን ወደ መዝገብ ቤቱ እንግባ።

በ1930ዎቹ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ሰዎች የቤት ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ቤታቸው ይወረስ ነበር። በ1933 የሩዝቬልት መንግሥት የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ዓላማው በጎ ነበር። ከ1935 ጀምሮ ድርጅቱ ከ200 በላይ የሆኑ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር ለብድር አስተማማኝነት ደረጃ እያወጣ ካርታ አሠራ። አረንጓዴ «ምርጥ»፣ ሰማያዊ «ደህና»፣ ቢጫ «እያሽቆለቆለ ያለ»፣ ቀይ «አደገኛ» ማለት ነበር።

ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ባመዛኙ ቀይ ተቀቡ። ቤቱ ምን ይመስላል ከሚለው ጎን ለጎን «ማን ይኖርበታል?» የሚለው ጥያቄ በግልጽ ቅጹ ላይ ነበር። በ1934 የተቋቋመው የፌደራል ቤቶች አስተዳደርም በተመሳሳይ መስፈርት ለእነዚህ ሰፈሮች የብድር ዋስትና ከለከለ። በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን አንድ ነገር መጨመር አለበት። ካርታው ብቻውን ሁሉንም አላደረገውም። የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አድልዎው ከካርታው በፊትም ነበረ፤ ባንኩም፣ ደላላውም፣ የሰፈሩ ውልም የየድርሻቸውን ሠርተዋል። ካርታው ያደረገው ያንን አድልዎ በቀለም መመዝገብ ነው። ለታሪክ ግን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ወንጀለኛው ራሱ ማስታወሻ ትቶ እንደመሄድ ያህል።

ብድር ያጣ ሰፈር ምን ይሆናል? ቤቱ አይታደስም። መሬቱ ይረክሳል። ርካሽ መሬት ደግሞ ለአውራ ጎዳና፣ ለመጋዘን፣ ለመኪና ማቆሚያ ይመቻል። መናፈሻና የመንገድ ዛፍ ወደ አረንጓዴው ቀለም ሲሄድ፣ አስፋልትና ኮንክሪት ወደ ቀዩ ሄደ። ሪችመንድ ውስጥ የጥቁሮች የንግድና የባህል ማዕከል የነበረው ጃክሰን ዋርድ ቀይ ተቀብቶ ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ ሰፊ አውራ ጎዳና መሐሉን ሰንጥቆ አለፈ። ከጎዳናው ማዶ የቀረው ጊልፒን የሚባለው የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ሰፈር ነው።

ሃምሳ ሎሚ

ሪችመንድ የሳይንስ ሙዚየሟን ያስቀመጠችው በ1919 በተከፈተ አሮጌ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። በ2017 በዚያ ሙዚየም ይሠራ የነበረው የአየር ንብረት ሳይንቲስት ጄረሚ ሆፍማን፣ በፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካለው ከቪቬክ ሻንዳስ ጋር ተባብሮ የከተማው ነዋሪ ራሱ የሚለካበትን ዘመቻ አዘጋጀ። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደርም ሥራውን ደገፈ።

አሠራሩ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ከተማው በመንገዶች ይከፋፈላል። ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌርና አንድ አቅጣጫ ነጋሪ ይመደባሉ። በተሳፋሪው በኩል ባለው መስኮት ላይ አነስተኛ መሣሪያ ይሰካል። መሣሪያው በየሰከንዱ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ያለበትን ቦታ ይመዘግባል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ይነሳሉ፤ ማለዳ፣ ከቀትር በኋላና ማታ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። በፍጥነት መንዳት ክልክል ነው። ከዚያ የተሰበሰበው ቁጥር ዛፉን፣ ሕንፃውንና አስፋልቱን ከሚያሳይ የሳተላይት ምስል ጋር ይጣመራል። ኮምፒውተሩ ማንም ያልነዳበት ጓሮ ምን ያህል እንደሚሞቅ ከዚህ ይገምታል። በመጨረሻ የሚወጣው እያንዳንዱን ሰፈር የሚለይ ካርታ ነው።

አንድ ተመራማሪ ይህን ብቻውን ልሥራ ቢል ሰፈር ከሰፈር ሲደርስ ሰዓቱ ያልፍበታል። የማለዳውን ሙቀት ከቀትሩ ጋር ማወዳደር ደግሞ ዋጋ የለውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች አባባል እዚህ ላይ ምሳሌ አይደለም፤ የጥናት ዘዴ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ካልወጣ ካርታው አይሠራም።

ሌላም ጥቅም አለው። የገዛ ሰፈሩን ራሱ የለካ ሰው የወጣውን ካርታ «የባለሙያ ወረቀት» ብሎ አይጥለውም። ስብሰባ ላይ ተነስቶ «እኔ ነኝ የለካሁት» ይላል። የማዘጋጃ ቤት ሹም ጥናትን መሳቢያ ውስጥ መክተት ይችላል። መራጩን ግን መሳቢያ ውስጥ አይከተውም።

ሁለት ካርታ፣ አንድ ሰፈር

የሪችመንድ ካርታ ሲወጣ ሞቃታማዎቹ ቦታዎች ለሰፈሩ ሰው አዲስ አልነበሩም። ጊልፒን ከእነዚያ አንዱ ነበር። አዲስ የሆነው የ2017ቱን ካርታ ከ1930ዎቹ ካርታ ጋር ጎን ለጎን ማየት ነበር። ቀይ በቀይ ላይ አረፈ።

«የአንድ ከተማ አጋጣሚ ይሆን?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አልቀረም። ሆፍማን፣ ሻንዳስና ኒኮላስ ፔንድልተን በሳተላይት መረጃ 108 የአሜሪካ ከተሞችን መረመሩ። በጥር 2020 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፦ ከከተሞቹ በ94 በመቶው በቀይ የተቀቡት ሰፈሮች ከሌሎቹ ይሞቃሉ። በአገር አቀፍ አማካይ 2.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣሉ። በአንዳንድ ከተማ ልዩነቱ 7 ዲግሪ ይደርሳል። ካርታውን የሠሩት ሰዎች ከሞቱ ዘመናት አልፈዋል። ቀለማቸው ግን አልደረቀም።

በዚያው በሪችመንድ የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ሌላ ስሌት አለ። ጊልፒን ውስጥ የተወለደ ሕፃን በአማካይ 63 ዓመት ይኖራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከዚያ ጥቂት ማይል ርቆ ዌስትኦቨር ሂልስ የተወለደው 83 ዓመት ይጠበቅለታል። ሃያ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት በላው አንልም። ሥራ አለ፣ ምግብ አለ፣ ሐኪም አለ። ግን እነዚህ ሁሉ የተደራረቡት በዚያው ባልጠለለ ሰፈር ላይ ነው።

ዋሽንግተን ላይ

በኦገስት 28 ቀን 2018 ተራው የዋሽንግተን ዲሲ ሆነ፤ በማግሥቱ የባልቲሞር። በጎ ፈቃደኞች በዲሲ ሲነዱ በሞቃቱና በቀዝቃዛው ቦታ መካከል 17 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ልዩነት አገኙ።

ይህች ከተማ ለእኛ ባዕድ አይደለችም። ከአብዮቱ ወዲህ ከአገር የወጣው ወገናችን በብዛት የሰፈረው እሷና ዙሪያዋ ነው። ስንቱ አክስትና አጎት በዚያ ታክሲ እየነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እየቆረጠ ቤተሰብ ያሳደገ ነው! የመኪና ማቆሚያ ማለት ደግሞ የአስፋልት ሜዳ ማለት ነው። ከስልክ ወዲያ ማዶ «ሙቀቱ ገደለን» ሲሉን ወሬ ይመስለን ይሆናል። የትኛው ጎዳና ላይ ቆመው እንደሆነ ግን ይለያያል።

የዲሲው ካርታ ሌላም ነገር ያስተምራል። ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጠው ሮክ ክሪክ የሚባለው ጫካ ከቀዝቃዛዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ያ ጫካ እንዲሁ የተረፈ አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1890 ፓርክ ይሁን ብሎ በሕግ ከልሎት ነው። እንግዲህ አስቡት። በ1890 የተፈረመ ወረቀት በ2018 ቀትር ላይ ሰው ያቀዘቅዛል፤ በ1930ዎቹ የተቀባ ወረቀት በ2017 ሰው ያቃጥላል። ክፉው ውሳኔ እንደሚቆይ ሁሉ ደጉም ይቆያል።

ካርታ አያቀዘቅዝም

ካርታ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ማንንም አያቀዘቅዝም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ቁም ነገሩ።

ሪችመንድ በደቡባዊ ክፍሏ መናፈሻ ባጡ ሰፈሮች አምስት የከተማውን ይዞታዎች ወደ ሕዝብ መናፈሻ ለመለወጥ ወሰነች፤ የሙቀት ካርታውም የውሳኔው አንድ መነሻ ነበር። በ2022 ደግሞ ዘመቻው ከአሜሪካ ወጥቶ የሴራሊዮኗን ፍሪታውንንና የብራዚሏን ሪዮ ዴ ጄኔሮን ያዘ። ፍሪታውን በ2021 ዩጂኒያ ካርግቦን ዋና የሙቀት ኃላፊ አድርጋ ሾማ ነበር፤ ለአፍሪካ የመጀመሪያዋ ናቸው። ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ቀላል ነገር ነው፦ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በሚቸረችሩ ሴቶች ገበያ ላይ ጥላ መዘርጋት። የከንቲባዋ የኢቮን አኪ-ሶየር አስተዳደር በ2020 የጀመረው ዘመቻ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዛፍ ለመትከል ያለመ ነበር።

በሕንድ አህመዳባድ ትምህርቱ የመጣው በሞት ነው። በግንቦት 2010 ሙቀቱ 46.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ፤ በዚያ ወር ከተለመደው በላይ 1,344 ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች፤ በደቡብ እስያ የመጀመሪያው ነበር። ማስጠንቀቂያ መላክ፣ የጤና ሠራተኛ ማሠልጠን፣ ውኃ ማዳረስ፣ በኋላም የድሆችን ጣሪያ በነጭ ኖራ መቀባት። ነጭ ጣሪያ የፀሐይን ብርሃን ወደመጣበት ይመልሳል። ኖራ ደግሞ እኛም ሠፈር አለ።

ዛፉም ቢሆን ያለ ችግር አይደለም። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ጥላ እስኪሆን ዓመታት ይፈጅበታል፤ እስከዚያው የሚያጠጣው ይፈልጋል። ሰፈሩ ሲያምር ደግሞ ኪራይ ይወደዳል። አርባ ዓመት በፀሐይ የኖረው ሰው ዛፉ ሲደርስ ይለቅና ጥላው ለአዲስ ገቢ ይሆናል። ስለዚህ ከዛፉ ጋር ነዋሪው የሚቆይበት መንገድ አብሮ ካልታሰበ ሥራው የአንዱን ጥላ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው።

ከዚራና መጋላ

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ አዲስ አበባ ደጋ ናት» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ኢትዮጵያ ግን አዲስ አበባ ብቻ አይደለችም።

ድሬዳዋን እንውሰድ። ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 መጨረሻ ከሥፍራው ሲደርስ ተቆረቆረች። የባቡር ኩባንያው ለሠራተኞቹና ለቢሮዎቹ ብሎ ያቀደው ከዚራ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶችና ግራና ቀኝ የተሰለፉ ዛፎች ያሉት ሰፈር ሆነ። ከደቻቱ አሸዋ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ የነጋዴውና የሠርቶ አዳሪው ሰፈር ሆኖ በራሱ መንገድ አደገ። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ የከዚራን ጥላ ያውቃል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው የኩባንያ ዕቅድ ነው ዛሬ ያንን አላፊ አግዳሚ የሚያጠልለው።

ይህ ማለት ግን ጥላ የሚያውቀው የፈረንሳይ መሐንዲስ ብቻ ነው ማለት አይደለም። የሐረር ጀጎልን ጠባብ መንገዶች ያየ ሰው ያውቃል። ግንቦቹ ተጠጋግተው መንገዱን ያጠልላሉ፤ ከተማው ያለ ዛፍም ጥላ ይሠራል። ቆላ ላይ የኖረ ሕዝብ ሙቀትን የሚያስተናግድበት የራሱ ጥበብ አለው። የሚያስፈራው ያንን ጥበብ ትተን፣ የከዚራንም ዛፍ ሳንተክል፣ መስታወትና ቆርቆሮ ብቻ ይዘን ስናድግ ነው።

ለመለካት ደግሞ ብዙ አያስፈልግም። አንድ ዓይነት የሆኑ ጥቂት ርካሽ ቴርሞሜትሮች፣ በአንድ ሰዓት የሚነሱ ተማሪዎች፣ መስመር የተሰመረበት ወረቀት። ባጃጅ በሞላበት ከተማ የመንገድ ችግር አይኖርም። መሣሪያው ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍበት ይሸፈን፤ ሰዓቱና ቦታው በትክክል ይጻፍ። ሉክ ሃዋርድ ከዚህ የበለጠ አልነበረውም።

እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ነገር አሁኑኑ ማድረግ ይቻላል። በየክረምቱ የችግኝ ተከላ ዘመቻ ሲታወጅ ስንት ሚሊዮን እንደተተከለ እንሰማለን። ቁጥሩን ከሰማን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፦ የት ሰፈር? የሚያጠጣውስ ማን ነው? በመቶ ዓመቱ አንድ ሰው መዝገብ ቤት ገብቶ የእኛን ውሳኔ ሲያገላብጥ፣ የትኛውን ሰፈር በምን ቀለም እንደቀባን ያየዋል።